ዱሼን ያለበት የ7 ዓመት ልጅ፦ ፕሬድኒሶሎኑ ይጀመር? ቤቱስ ይሸጥ?

እህቴ ጥያቄሽ ረጅም ስለነበር ሌላ ሰውም ሲያነበው እንዲገባው ዋና ዋናውን ላስቀምጠው። ከደሴ ነው የምትጽፊው። ልጅሽ 7 ዓመቱ ነው፣ ለመሄድ ዘግይቷል፣ ቶሎ ቶሎ ይወድቃል፣ ደረጃ ይከብደዋል፣ ከመሬት ሲነሳ በእጁ ጉልበቱንና ጭኑን እየገፋ ነው የሚቆመው፣ ባቱ ደግሞ ያለልክ ወፍሯል። መጀመሪያ የካልሲየም እጥረት ነው ተባለ፣ ከዛ የጉበት ምርመራው ከፍ ብሎ ስለተገኘ በጉበት ብዙ ተመላለሳችሁ፣ መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ሲኬ የሚባለው የጡንቻ ጉዳት የሚለካ የደም ምርመራ ተሰርቶ 14,000 ወጣና ዱሼን የሚባል ጡንቻን እያደር የሚያዳክም የጂን በሽታ ነው ተባላችሁ። ፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ ክኒን ታዘዘ፣ ግን ጎረቤት "ያሳብጠዋል፣ አጥንት ይበላል" ስላለሽ ሳታስጀምሪው ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ሜሪላንድ ያለችው እህትሽ አንዴ ብቻ የሚሰጥ የጂን ሕክምና አለ ብላ ስለላከችልሽ ቤት ሸጠን እንውሰደው ወይ እያላችሁ ነው። ወንድምሽ በልጅነቱ መሄድ አቅቶት በ17 ዓመቱ ስላረፈ አማትሽ "ከናንተ ቤት የመጣ ነው" ይሉሻል። የ12 ዓመት ሴት ልጅና የ10 ወር ወንድ ልጅም አሉሽ። ጠበል ብንወስደው መድኃኒቱ ይቁም ወይ የሚልም ጨምረሻል።

እኔ የሕፃናት ነርቭና ጡንቻ ሐኪም ነኝ። ልጅሽን በአይኔ ስላላየሁት የምጽፍልሽ የራሱን ሐኪም አይተካም፣ ከሱ ጋር የምትነጋገሪበት እንዲሆንሽ ነው። አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልንገርሽ። ቤቱን አትሽጪ። ፕሬድኒሶሎኑን ግን ሐኪሙ ጋ ተመልሰሽ አንዳንድ ነገር ካረጋገጥሽ በኋላ አስጀምሪው፣ በወራት ሳይሆን በቀናት ውስጥ። ለዚህ በሽታ እስካሁን ለልጆች ብዙ ዓመት የጨመረው ነገር ውድ መርፌ አይደለም፣ እዚሁ አገር የሚገኝ ርካሽ ክኒን፣ የልብ ክትትል፣ የጅማት ስትሬች እና እድሜያቸው ከፍ ሲል የመተንፈሻ እርዳታ ነው። አይድንም የሚለውን ቃል ሰምተሽ ምንም አይደረግለትም ብለሽ እንዳትተረጉሚው አደራ።

አሁን ነገሩን ከስሩ ላስረዳሽ፣ ምክንያቱ ሲገባሽ ጎረቤት አያስፈራሽም። ጡንቻችን ሲኮማተርና ሲለጠጥ ሽፋኑ እንዳይጎዳ የሚይዘው ዲስትሮፊን የሚባል ፕሮቲን አለ። ልጅሽ ይሄን ፕሮቲን የሚያዘው ጂን ላይ ስህተት ስላለ ፕሮቲኑን መስራት አልቻለም፣ ስለዚህ ጡንቻው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጎዳል፣ ሰውነቱ ይጠግናል፣ እያደር ግን ጥገናው ጉዳቱን መቅደም ያቅተውና የጡንቻው ቦታ በስብና በጠባሳ ይሞላል። ባቱ የወፈረውም ለዛ ነው፣ ጠንክሮ አይደለም። በሽታውን በሰፊው የገለጸው ዱሼን የሚባል የፈረንሳይ ሐኪም ነው፣ በፈረንጆቹ 1860ዎቹ ውስጥ፣ ጂኑ ግን የተገኘው 1986 ላይ ነው፣ ፕሮቲኑ ደግሞ በዓመቱ። ይሄ ጂን በሰው ልጅ ላይ ከሚታወቁት ትልልቅ ጂኖች አንዱ ነው፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፊደል አለው፣ 79 ክፍሎች አሉት፣ ትልቅ ስለሆነም ስህተት ይበዛበታል። ከ3,500 እስከ 5,000 ከሚሆኑ ወንድ ልጆች አንዱ ይዞት ይወለዳል ተብሎ ነው የሚገመተው፣ በየትኛውም አገርና ዘር።

ጉበቱ የተባለውስ? ይሄ በጣም የሚያሳዝነኝ ነገር ነው ምክንያቱም ብዙ ልጆች እዚህ ጋ ነው ጊዜ የሚያልፍባቸው። ኤኤልቲና ኤኤስቲ፣ አንዳንድ ላብራቶሪ ኤስጂፒቲና ኤስጂኦቲ ብሎ የሚጽፋቸው፣ ጉበት ውስጥ ብቻ አይደሉም ያሉት፣ ጡንቻ ውስጥም ሞልተዋል። ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈሳሉ። ስለዚህ አንድ ልጅ በተለይ ወንድ ልጅ እነዚህ ቁጥሮች ከፍ ብለው ሌሎቹ የጉበት ምርመራዎች፣ ቢሊሩቢኑና ጂጂቲው፣ ደህና ከሆኑ፣ ጉበት ጉበት ከማለት በፊት ሲኬ ይሰራለት። ይሄን ለሚያነቡ ወላጆችና ለሥራ ባልደረቦቼም ነው የምለው፦ 18 ወር ሞልቶት ያልሄደ ወንድ ልጅ ሁሉ ሲኬ ይገባዋል፣ ብዙ ዋጋ የሌለው የደም ምርመራ ነው። የልጅሽም ቁጥር ከፍ ያለው ከጉበቱ ሳይሆን ከጡንቻው ይመስላል፣ ለጉበት ብለው የሰጡሽን ነገር ሁሉ ለአሁኑ ሐኪም አሳይተሽ የማያስፈልገውን አስቁሚ።

ሲኬው 14,000፣ አነሳሱ፣ ባቱ፣ የወንድምሽ ታሪክ ሲደመር ዱሼን የመሆኑ ነገር በጣም ጠንካራ ነው። ቢሆንም የጂን ምርመራ ቢሰራለት እመክራለሁ፣ ምክንያቱም ቤከር የሚባል ቀለል ያለ ተመሳሳይ በሽታ አለ፣ ሌሎችም የሚመስሉት አሉ፣ ደሞ ከታች የምነግርሽ የቤተሰቡ ጉዳይ ሁሉ የሚጠራው በሱ ነው። ናሙናው ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ ይላካል፣ ከ10 ልጆች በ7 ገደማው ላይ የጂኑ ቁራጭ ጎድሎ ይገኛል፣ በቀሪው ላይ ተደጋግሞ ወይም የፊደል ስህተት ሆኖ። ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ እዚህ ላይ ይውጣ።

ወደ ፕሬድኒሶሎኑ ልምጣ፣ ዋናው ጥያቄሽ እሱ ስለሆነ። ጎረቤትሽ የነገሩሽ ውሸት አይደለም፣ ግማሹን ነው የነገሩሽ። ይሄ መድኃኒት ጡንቻው ላይ ያለውን ቁጣ ያበርዳል፣ በየቀኑ የወሰዱ ልጆች ካልወሰዱት ይልቅ በአማካይ 2 እስከ 3 ዓመት ተጨማሪ በእግራቸው ይሄዳሉ፣ መሄድ ካቆሙም በኋላ እጃቸው ለረጅም ጊዜ ይታዘዛቸዋል፣ ጀርባቸው የመጣመሙ ነገር ይቀንሳል፣ ትንፋሻቸውም ዘግይቶ ነው የሚደክመው። መድኃኒት ካልተጀመረ አብዛኛው ልጅ ከ12 ዓመቱ በፊት ዊልቸር ላይ ይሆናል። የሚጀመረው ልጁ እየሄደ ሳለ፣ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ዓመት ባለው፣ ጥንካሬው መውረድ ሳይጀምር ነው። ያንቺ ልጅ 7 ነው ብሎ ተስፋ የሚያስቆርጥሽ ሰው ካለ አትስሚ፣ ገና እየሄደ ስለሆነ ይጠቅመዋል፣ ግን ቁምሳጥን ውስጥ በቆየ ቁጥር የሚያልፈው ጡንቻ አይመለስም።

መጠኑ በተለምዶ በኪሎ 0.75 ሚሊግራም በቀን ነው፣ ለምሳሌ 20 ኪሎ ልጅ 15 ሚሊግራም፣ ባለ 5 ሚሊግራሙ ሦስት ፍሬ ማለት ነው፣ ጠዋት ቁርስ ከበላ በኋላ አንዴ። በየቀኑ ይሰጥ ወይስ 10 ቀን ሰጥቶ 10 ቀን ማረፍ የሚለው ድሮ ያከራክር ነበር፣ በ5 አገራት 196 ልጆች ላይ ለ3 ዓመት ተሰርቶ በፈረንጆቹ 2022 የወጣው ጥናት በየቀኑ የወሰዱት እንደሚሻሉ አሳይቷል። ዴፍላዛኮርት የሚባል ተመሳሳይ መድኃኒት አለ፣ ክብደት ላይ ትንሽ ይሻላል፣ ቫሞሮሎን የሚባል አዲስም 2023 ላይ አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፣ ግን እነሱ አልተገኙም ብለሽ በእጅሽ ያለውን አታቆዪ።

ጉዳቱን ደሞ ሳልደብቅ ልንገርሽ። ይርበዋል፣ ፊቱ ይሞላል፣ ቁመቱ ይዘገያል፣ ጉርምስናውም ይዘገያል፣ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ሊነጫነጭና እንቅልፍ ሊረበሽበት ይችላል፣ አጥንቱ ይሳሳል፣ አይኑ ላይ ሞራ ሊመጣ ይችላል፣ ግፊትና ስኳር ከፍ ሊል ይችላል፣ ኢንፌክሽንም ይቀለዋል። እነዚህን እያየን ነው የምንሰጠው፣ በየቀጠሮው ክብደት፣ ቁመት፣ ግፊት፣ በዓመት አንዴ አይን። ከበዛበት መጠኑን እንቀንሳለን እንጂ ዘለን አናቆምም። የጀርባ ሕመም ካለው እድገቱ ነው ብለሽ እንዳታልፊው፣ የአከርካሪ አጥንት ስብራት ሊሆን ስለሚችል ራጅ ይነሳ።

ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን እንድትጠይቂ የምፈልጋቸው አሉ። ክትባቱ ተሟልቷል ወይ፣ በተለይ ኩፍኝ፣ ምክንያቱም ከተጀመረ በኋላ ሕያው ክትባት መስጠት ይከብዳል። ቤት ውስጥ ወይ ጎረቤት የሚያስል የቲቢ ታካሚ አለ ወይ። የሰገራ ምርመራና የትል መድኃኒት፣ ይሄን ቀላል አድርገሽ አትዪው፣ ስትሮንጂሎይድስ የሚባል ትል አለ በኛ አገር ያለ፣ ዝም ብሎ ሆድ ውስጥ ይኖርና ስቴሮይድ ሲጀመር ሊበረታና ሕይወት ሊያሰጋ ይችላል፣ ተራው የትል ክኒን ለሱ ብዙም ስለማይበቃ ሐኪሙ አይቨርሜክቲን ሊያዝ ይችላል።

ምግቡ ላይ፣ ይርበዋልና ዳቦ ለስላሳና ብስኩት እየሰጠሽ አታባብዪው፣ ከባድ ሰውነት ደካማ ጡንቻ መሸከም አይችልም። ጨው ቀንሺ። ወተት፣ እንቁላል፣ አሳ ከተገኘ ጥሩ፣ ጤፍም ካልሲየም አለው። ቫይታሚን ዲ ያስፈልገዋል፣ ፀሐይም ይሙቅ፣ ቤት ተዘግቶ አይዋል። 7 ሞልቶታልና ጾም ይጀምር የሚል ሰው ይኖራል፣ ይሄ ልጅ ጠዋት በባዶ ሆድ ክኒን መዋጥ የለበትም ወተትም መከልከል የለበትም፣ የንስሐ አባትሽን ብታማክሪ ለታመመ ሰው ቤተክርስቲያንም አታስገድድም።

እዚህ ጋ በደንብ አድምጪኝ። ፕሬድኒሶሎን ከጥቂት ሳምንት በላይ የወሰደ ልጅ በድንገት ማቆም የለበትም፣ በጭራሽ። ሰውነቱ ራሱ የሚሰራውን ሆርሞን መስራት ስለሚያቆም ክኒኑ ሲቋረጥ ግፊቱ ወርዶ፣ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ ክኒኑ ሳያልቅ አንድ ወር ቀደም ብለሽ ግዢ፣ መንገድ ሊዘጋ መድኃኒት ሊጠፋ ይችላልና። ካስመለሰውና መዋጥ ካቃተው፣ ወይም ከባድ ትኩሳት ወይ አደጋ ከደረሰበት፣ የዛኑ ቀን ሆስፒታል ወስደሽ "ይሄ ልጅ ስቴሮይድ በየቀኑ የሚወስድ ነው" በያቸው፣ በመርፌ ይሰጡታል። ለጠበሉ ጥያቄሽም መልሱ ይሄው ነው። ውሰጂው አትውሰጂው የሚለው የእምነትሽ ጉዳይ ነው፣ እኔ አልገባበትም፣ ብዙ እናቶች ብርታት የሚያገኙት እዛ ነው። ክኒኑ ግን ጠበልም ላይ ሆኖ ይቀጥል። ደሞ ቁልቁለቱን ይታዘል፣ ቋጥኝ ላይ እንዳይንሸራተት፣ ከወጣ በኋላ ቶሎ ይደርቅና ይልበስ። ወጌሻ ጋ ግን አትውሰጂው፣ የሚጎተትና የሚታሽ ነገር የለውም፣ ይጎዱታል።

ከክኒኑ ቀጥሎ ልቡ ነው። ልብም ጡንቻ ነው፣ ዲስትሮፊን እዛም የለም። የልብ ድካሙ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ልጁ ስለማይሮጥ አይታወቅበትም፣ ሲመጣም ብዙ ጊዜ የሆድ ሕመም፣ ማስመለስ፣ ድካም ሆኖ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ምንም ሳያመው አሁን ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) እና ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ይሰራለት፣ ከዛ በየዓመቱ። ኢኮው ደህና እንኳን ቢሆን 10 ዓመት ሲሆነው እንደ ኢናላፕሪል ያለ መድኃኒት እንዲጀመርለት ነው ዓለም አቀፍ መመሪያው የሚለው፣ ይሄም ርካሽ ነው እዚህም ይገኛል። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ የሕፃናት ነርቭ ክፍልም የልብ ክፍልም አለ፣ ደሴ ላይ ደሞ በየወሩ ክብደትና ግፊት የሚያይላችሁ አንድ የሕፃናት ሐኪም ያዙ፣ ለትንሽ ትልቁ ሁሉ 400 ኪሎሜትር መመላለስ የለባችሁም።

እግሩ። ዱሼን ላይ የተረከዝ ጅማት እያጠረ ይሄድና ልጁ በጣቱ መቆም ይጀምራል፣ ይሄም ከጡንቻው ድካም ጋር ተደምሮ መሄድ ቶሎ ሊያስቆመው ይችላል። ይሄን ቤት ውስጥ ራስሽ ትከላከያለሽ። ማታ ከመተኛቱ በፊት ጉልበቱን ቀጥ አድርገሽ፣ ተረከዙን በመዳፍሽ ይዘሽ፣ የእግሩን መዳፍ ወደ ቅልጥሙ በኩል ቀስ ብለሽ ግፊ፣ እስከ 30 ቁጠሪ፣ ደጋግሚ፣ ሌላውን እግር እንዲሁ። ማሳመም የለበትም፣ መለጠጥ ብቻ ነው። ዳሌውንና ጉልበቱንም እንዴት እንደሚለጠጥ ፊዚዮቴራፒስት አንዴ በእጁ ያሳይሽ። በሳምንት አምስት ስድስት ቀን ከሆነ ጥሩ ነው፣ አባቱም ይልመድ፣ አንቺ ብቻ አትሸከሚው። ሌሊት ሌሊት እግሩን 90 ዲግሪ የሚይዝ ስፕሊንት ቢደረግለት ደሞ የበለጠ፣ ቀን ሲሄድ ግን አያድርገው።

ደሴ ናችሁና አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ዳገት ነው የሚጎዳው ብሎ ያስባል፣ ለነዚህ ልጆች ግን ቁልቁለትና ደረጃ መውረድ ነው የባሰው፣ ምክንያቱም ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደት ሲይዝ ነው ሽፋኑ የሚጎዳው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መንገዱ ቁልቁለት ከሆነ እዛ ጋ ባጃጅ ወይ ጀርባ። ገመድ ዝላይ፣ ከከፍታ መዝለል፣ ክብደት ማንሳት ይቅር። ይጠንክር ብሎ ስፖርት የሚያሰራው አጎት ካለ አስቁሚው። መጫወት ግን አትከልክዪው፣ ሜዳ ላይ መሄድ፣ ውሃ ውስጥ መንቦጫረቅ ጥሩ ነው፣ ደከመኝ ሲል ይረፍ። ሽንቱ ከጨዋታ በኋላ ኮካ ከመሰለ ጡንቻው ክፉኛ ተጎድቷል ማለት ነው፣ ሆስፒታል ሂዱ።

አሁን የምነግርሽን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ አስቀምጪው፣ አንድ ቀን ለቶንሲልም ይሁን ለስብራት ኦፕራሲዮን ሊያስፈልገው ይችላል። ሰመመን ከመሰጠቱ በፊት ለሰመመን ባለሙያው "ልጄ ዱሼን አለበት፣ ሰክሲናይልኮሊን አይሰጠው፣ ሃሎቴንና መሰሎቹን የሚተነፈሱ ማደንዘዣዎችም አይሰጡት" በዪ። እነዚህ መድኃኒቶች በነዚህ ልጆች ላይ ጡንቻውን በአንዴ አፍርሰው ፖታሲየም ከፍ አድርገው ልብ ሊያስቆሙ ይችላሉ። በደም ስር የሚሰጥ ሌላ አማራጭ አለ፣ ባለሙያው ካወቀ ይጠነቀቃል። ከተሰበረ ደሞ ወራት አልጋ ላይ እንዳይተኛ፣ በተቻለ ፍጥነት እንዲቆም ጠይቂ፣ ብዙ ልጅ መሄድ ያቆመው ከስብራት በኋላ ተኝቶ ነው።

ወደ ሜሪላንዱ ጉዳይ። እህትሽ የላከችልሽ ኤለቪዲስ የሚባለው ነው። አልዋሸችሽም፣ መድኃኒቱ አለ። ጁን 2023 የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ መጀመሪያ ለ4 እና 5 ዓመት ልጆች ፈቀደው፣ በዓመቱ ደሞ አሰፋው። አጠር ያለ ዲስትሮፊን የሚያሰራ ጂን በቫይረስ ተጭኖ በደም ስር አንዴ ይሰጣል። ሲወጣ ዋጋው 3.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ መድኃኒቱ ብቻ፣ ሆስፒታሉ ሳይቆጠር። ቤትሽን ብቻ ሳይሆን ሰፈሩን ብትሸጪ አይሞላም። ደሞ እንዲሁ ተከፍሎ እንኳን ምን ይገኛል? ትልቁ ሙከራ ላይ መድኃኒቱን የወሰዱት ልጆች በዋናው የእንቅስቃሴ መለኪያ ካልወሰዱት በግልጽ አልበለጡም፣ በአንዳንድ ሌሎች መለኪያዎች ነው የተወሰነ ልዩነት የታየው። 2025 ላይ መሄድ ያቆሙ ሁለት ልጆች መድኃኒቱን ከወሰዱ በኋላ በጉበት ድካም ሞተዋል፣ መሄድ ለማይችሉ ልጆች መስጠቱም ቆሟል። ደሞ ልብ በይ፣ እዛም መድኃኒቱን የሚወስዱት ልጆች ስቴሮይዳቸውን አላቆሙም። ያው ቁምሳጥንሽ ውስጥ ያለው ነው።

ሌሎችም አሉ፣ ከ2016 ጀምሮ የተፈቀዱ የጂኑን አንድ ክፍል አዘልለው የሚያስነብቡ መድኃኒቶች፣ የመጀመሪያው የሚሆነው ከ100 ልጆች ለ13ቱ ገደማ ነው፣ በየሳምንቱ በደም ስር ይሰጣል፣ ዋጋውም ያው የማይቀመስ። ሳይንሱ እየሄደ ነው፣ እኔም ተስፋ አለኝ፣ ስለዚህም ነው የጂን ውጤቱ ወረቀት በእጅሽ ይኑር የምልሽ፣ ነገ የሚመጣ ነገር ለየትኛው ስህተት እንደሆነ ታይቶ ነውና የሚሰጠው። ስቴም ሴል እንወጋለን የሚሉ ክሊኒኮች በተለያየ አገር አሉ፣ ለዱሼን እንደሚሰራ ያልተረጋገጠ ነገር ነው በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጡት፣ ከሰው ተስፋ ላይ ገንዘብ የሚሰበስቡ ናቸው፣ አንድ ብር እንዳትልኪ።

እህትሽ ግን በሌላ በኩል ይሄ ነገር እሷንም ይመለከታታል። ላስረዳሽ። ጂኑ ያለው ኤክስ የሚባለው ክሮሞዞም ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍናል፣ ተሸካሚ ትሆናለች እንጂ ብዙ ጊዜ አትታመምም። ወንድ አንድ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ከእናቱ የመጣ፣ ከአባቱ ዋይ ነው የሚወስደው። ወንድምሽ የነበረበት ይሄው ከሆነ፣ ልጅሽም ካለበት፣ እናትሽም አንቺም ተሸካሚ ናችሁ። እህትሽ ግማሽ በግማሽ እድል አላት። እሷ ያለችበት አገር ምርመራው በቀላሉ ይገኛል፣ የልጅሽ የጂን ውጤት ሲመጣ ላኪላት፣ ሐኪሟ ያንኑ ስህተት ብቻ ፈልጎ ያያል። በገንዘብ መርዳት ከፈለገች ብሩን የጂን ምርመራውና የሌሊት ስፕሊንቱ ላይ ብታውለው ለልጁ ይደርሰዋል። አንቺም እሷም ተሸካሚ ከሆናችሁ የራሳችሁን ልብ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ በኢኮ ታዩ፣ ተሸካሚ ሴቶችም ልባቸው ሊደክም ይችላል፣ ይሄን ማንም አይነግራቸውም።

አማትሽ ያሉትን በተመለከተ ይሄን አንብቢላቸው። እማማ፣ ከእናት በኩል ይመጣል የሚለው ልክ ነው፣ ጥፋት ግን አይደለም። ምራትዎ የሠራችው፣ የበላችው፣ የደበቀችው ነገር የለም፣ ተሸካሚ መሆኗንም አታውቅም ነበር። ከነዚህ ልጆች ሲሶው ገደማ ደሞ በቤተሰቡ ማንም ሳይኖርበት አዲስ የሚፈጠር ነው፣ በማንም ቤት ሊሆን ይችላል። ልጅዎም ሚስቱ ላይ ጣቱን የሚቀስርበት ምክንያት የለም። ይሄ ልጅ ብዙ ዓመት የሚያዝልና የሚያነሳ ሰው ያስፈልገዋል፣ እናቱን ደግሞ እርስዎ ያስፈልጓታል።

ትንሹ ልጅ። እንደፈራሽ አውቃለሁ ምክንያቱም ስለሱ የጻፍሽው አንድ መስመር ብቻ ነው። ሊኖርበትም ላይኖርበትም እኩል እድል አለው። 10 ወሩ ላይ ሲኬ ቢሰራለት ካለበት በጣም ከፍ ብሎ ይታያል፣ ደህና ከሆነ ደሞ ከጭንቀት ትገላገያለሽ። ክትባት በተወጋበት ሰሞን ግን አይሰራ። ማወቅ ይሻላል ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ እኔ ይሻላል ነው የምለው፣ ካለበት እንደ ወንድሙ በካልሲየምና በጉበት ዓመታት አያልፉበትም፣ ክትባቱ ተሟልቶ በጊዜው ይጀመርለታል። ዝግጁ ካልሆንሽ ግን ጥቂት ሳምንት ብትቆዪ የሚበላሽ ነገር የለም። ሴቷ ልጅ አሁን ምርመራ አያስቸኩላትም፣ አድጋ ራሷ ትወስናለች፣ ትዳር ሳትይዝ በፊት ግን ትወቅ። ሌላ መውለድ ካሰባችሁ ከመፀነስሽ በፊት ሐኪም አማክሪ።

ስለ እድሜው አልጠየቅሽኝም፣ የወንድምሽ 17 ዓመት ግን ውስጥሽ እንዳለ ይታየኛል። ኒውካስል እንግሊዝ ያሉ ሐኪሞች የራሳቸውን ታካሚዎች ቆጥረው ነበር፣ 1960ዎቹ ላይ በአማካይ በ14 ዓመት ነበር የሚያርፉት፣ ከ1990 ወዲህ ሌሊት የመተንፈሻ ማሽን ያገኙት ግን 25 ደርሰዋል፣ ዛሬ ጥሩ ክትትል ባለበት 30ዎቹን የሚያልፉ አሉ። እኛ ጋ ማሽኑ እንደልብ አይገኝም፣ ይሄን ልደብቅሽ አልችልም። ቢሆንም ወንድምሽ ምንም መድኃኒት አላገኘም፣ ልቡን ያየው የለም፣ የሱ ታሪክ የልጅሽ ታሪክ መሆን የለበትም። አድጎ ጠዋት ጠዋት ራሱን ካመመው፣ ሌሊት ከቃዠ፣ ቀን ካንቀላፋ ትንፋሹ ሌሊት እየደከመ ነው ማለት ነው፣ ያኔ ማሽን እንጂ ኦክስጅን ብቻ ተሰጥቶት አይተው።

ትምህርት ቤት ሄደሽ አስተማሪውን አነጋግሪ። ክፍሉ ምድር ላይ ይሁን፣ ሽንት ቤት ቅርብ ይሁን፣ ሰልፍ ላይ ብዙ አይቁም፣ ሰነፍ አይባል። ዲስትሮፊን ጭንቅላትም ውስጥ ስላለ ሲሶ የሚሆኑት ማንበብ ወይ ትኩረት ላይ ይቸገራሉ፣ እሱ ግን እንደ ጡንቻው እየባሰ የሚሄድ አይደለም፣ ታግዘው ይማራሉ። ዊልቸር የሚያስፈልግበት ቀን ሲመጣ ቼሻየር ኢትዮጵያና አዲስ አበባ ያለው ኪዩር ሆስፒታል ጋ ጠይቂ፣ ለስፕሊንቱም እነሱው ጋ ሞክሪ። ልጁ "ለምንድነው የምወድቀው?" ሲልሽ አትዋሺው። "ጡንቻህ ቶሎ የሚደክም ሕመም አለበት፣ አንተ ያጠፋኸው ነገር የለም፣ እንዲቆይልህ ክኒኑን እንወስዳለን" በይው፣ ለ7 ዓመት ልጅ ይበቃዋል፣ ሲያድግ ሌላውን ይጠይቅሻል ትነግሪዋለሽ።

በነዚህ ቀናት ሐኪሙ ጋ ስትመለሺ ክብደቱን፣ ግፊቱን፣ የሰገራ ውጤቱንና የኢኮውን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ፣ የፕሬድኒሶሎኑን መጠን በዛ ቀን ከሐኪሙ ጋር ወስኑ። የትንሹ ልጅ ሲኬ ሲመጣ ደሞ ምንም ይሁን ምን ጻፊልኝ፣ ቁጥሩን አብረን እናየዋለን።